ስፖንጅ የምትሸጥልን ልጅ

ኣረፋይነ መጀመሪያ ወደ ሱቁ የመጣ ዕለት ሒክማ ሰውየው ጤነኛ አልመሰላትም ነበር። መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ያለው የወንድሟ የፍራሽ ሱቅ በር ላይ ቆሞ፣ ተቆርጦ የተጣለ ስፖንጅ ከመሬት ያነሳል፣ ይጨምቃል፣ ይለቃል፣ ተመልሶ ሲነፋ በአድናቆት ያያል፣ ያንን ጥሎ ደግሞ ሌላውን ያነሳል። ረጅም ሰው ነው። የሸሚዙን እጅጌ ጠመኔ አንጥቶታል።

«ምን ፈልገህ ነው ወንድም?» አለችው ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ።

«ቁርጥራጭ ስፖንጅ። ትሸጣላችሁ?»

«ለትራስ ነው?»

«አይ፣ ለጭንቅላት።»

«እኮ! ለጭንቅላት ማለት ትራስ አይደል እንዴ?»

«አይደለም ሓፍተይ፤ የምሠራው ራሱን ጭንቅላቱን ነው።»

ሒክማ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ነገሩን ከስሩ አስረዳት። የአንደኛ ክፍል መምህር ነው። ለአስተማሪ አፋቸውን የማይከፍቱ ልጆች ለአሻንጉሊት ግን የሆዳቸውን ያወራሉ። እጅ ውስጥ የሚገባ፣ አፉ የሚከፈትና የሚዘጋ አሻንጉሊት ሠርቶ ለወላጆች በዓል ትርኢት ሊያሳይ አስቧል፦ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት አሮጊት፣ ሴት ልጃቸውና አስቸጋሪ አህያቸው። ከሱቅ ልግዛ ቢል መቀሌን ሙሉ ቢዞር አያገኝም፤ ቢያገኝም የመምህር ደሞዝ አይችለውም።

«ውሰደው» አለችው ሒክማ በማዳበሪያ የታጨቀውን ቅዳጅ እየገፋችለት። «እኛ ያው ትራስ ውስጥ ነው የምንጠቀጥቀው።»

«ስምሽን ማን ልበል?»

«ሂክማ።»

«ሒክማ» አለ እሱ፣ «ሐ»ን ከጉሮሮው አውጥቶ፣ እንደ አገሩ ሰው።

ልቧ ድንግጥ አለ። በተወለደችበት በወሎዋ ሐርቡ ስሟን ሁሉም አለስልሶ ነው የሚጠራው፤ እሷ ራሷም እንደዚያው። እንዲህ ከጉሮሮ አውጥተው የሚጠሯት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ቁርዓን ቀሪው አባቷ። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ስሟን እንደዚያ የሰማችው የዚያን ዕለት ነው። ሰውየው ማዳበሪያውን ተሸክሞ ከሄደ በኋላ የጀመረችው ስፌት ለረጅም ጊዜ መስመሩን እየሳተ አስቸገራት።

ወንድሟ አብዱልጀሊል ከወሎ ወደ መቀሌ ሲመጣ ባዶ እጁን ነበር። በመጀመሪያ ድንጋይ ተሸከመ፣ ቀጥሎ የጥጥ ፍራሽ ሰፋ፣ አሁን ስፖንጅ እየቆረጠ ፍራሽና ሶፋ የሚያለብስ ባለሱቅ ሆኗል። አባታቸው ሲሞቱ የመጨረሻ እህቱን ሒክማን ወደ ራሱ አመጣት፤ አስተማራት፣ ሙያ አስያዛት። ቃሉ ጥቂት፣ ክብሩ ብዙ የሆነ ሰው ነው። ሚስቱ ዘሃራ ለሒክማ የወንድም ሚስት ብቻ ሳትሆን ምስጢረኛዋም ነበረች።

ኣረፋይነ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ መጣ። በፌስታል የያዘውን ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር ዘሃራ «አዑዙ ቢላህ!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። ጭንቅላት ነው። በአቡጀዲ ተለብጦ፣ በማስቲሽ ተጣብቆ፣ ማስቲሹ ደርቆ ፊቱን አኮማትሮታል። አንዱ ዓይኑ ወድቋል።

«መምህር፣ ይኼ ሽማግሌ ነው ወይስ የታመመ ድንች?» አለች ሒክማ።

«እኔም ይህንኑ ላማክርሽ ነው የመጣሁት» አለ እሱ፣ ሳይስቅ።

አቡጀዲ አይለጠጥም፤ ስፖንጁ ሲጨመቅ አብሮ ካልተሳበ ፊቱ ይጨማደዳል። ማስቲሹ ቀርቶ በእጅ መሰፋት አለበት። ይህን ከሶፋ ሥራ ታውቀዋለች። ግን የእሷም የመጀመሪያ ሙከራ አላማረም፤ ክሩን አጥብቃ ስትስበው የሽማግሌው አፍ ተከርችሞ አልከፈት አለ። ደግመው ፈቱት። ለአፉ ካርቶን አጥፈው ከተቱለት። ቆዳ የሚመስል ለስላሳና የሚሳብ ጨርቅ ግን ከሱቁ አልተገኘም። እናም አንድ ቅዳሜ ከዘሃራ ጋር ሦስት ሆነው ዓዲ ሓቂ ገበያ ወረዱ።

የሳልባጅ ተራው ላይ ልብሱ እንደ ተራራ ተቆልሏል። ዘሃራ ለልጆቿ ስትመርጥ፣ ሁለቱ ሹራብ እየጎተቱ፣ እያሹ፣ ፀሐይ ላይ እያዩ ሲፈትሹ ዋሉ። አንዱ ይሻክራል፣ አንዱ ስሱ ነው፣ አንዱ ቀለሙ የሰው አይመስልም። በኋላ ከስር አንድ የገብስ ቆሎ ቀለም ያለው ሹራብ ብቅ ሲል ሒክማ በአንድ እጅጌው፣ ኣረፋይነ በሌላው እኩል ያዙት። ሻጩ «ኧረ ለሁለት እንዳትቀዱብኝ!» አለ። አልለቀቁም። ቀና ብለው ተያዩ። ሒክማ ከዚህ በፊት ወንድ አይታ አታውቅም ማለት አይደለም፤ ታይታ ግን አታውቅም ነበር። እጅጌውን የለቀቀችው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ከሰዓቱ ሁሉ የእነሱ ሆነ። ኣረፋይነ ትምህርት ሲለቅ ይመጣል። እሱ ስፖንጁን በምላጭ ይጠርባል፣ እሷ ጨርቁን በስውር ስፌት ታያይዛለች። አፍንጫ ሲጠርብ ምላሱን አውጥቶ ነው፤ ሒክማ ይህን ታይና ለራሷ ትስቃለች። አብዱልጀሊል ዕቃ ሊያመጣ ወጣ ሲል ዘሃራ አላየሁም አልሰማሁም ብላ ጓዳ ትገባለች።

አንድ ቀን ገና ዓይን ያልተሰፋለትን ሽማግሌ እጁ ላይ አጥልቆ ድምፁን አጎርንኖ «ልጄ ሒክማ፣ ዓይን ባይኖረኝም አንቺን ግን አያለሁ» አላት።

«ሽማግሌ ሲዋሽ አያምርበትም አባባ» አለችው መርፌዋ ላይ እንዳቀረቀረች።

አሻንጉሊቱን ከእጁ ላይ አወለቀውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በራሱ ድምፅ፣ ዝግ ብሎ «እሱ አይደለም የተናገረው» አላት። «እኔ ነኝ ሒክማ። እወድሻለሁ።»

ክርስቲያን ነው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ እናቱ ወይዘሮ ለተመድህን ሥላሴን ሳይሳለሙ ውለው አያድሩም። እሷ የወሎ እስላም ናት፤ ወንድሟ የጁምዓ ሶላት አልፎት አያውቅም። ይህን ሁሉ ሁለቱም ያውቃሉ። ሒክማ ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን ዓይን መስፋት ጀመረች፤ የራሷ ዓይን እንባ ሞልቶት መርፌው ይደበዝዝባት ነበር። የዚያን ቀን የነበራትን ደስታ ያህል ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላየችም።

ግንቦት ላይ ከኮምቦልቻ የጋብቻ ጥያቄ መጣ። ጀላሉ የሚባል የእህል ነጋዴ ልጅ፣ ባለ አይሱዙ፣ ጨዋ፣ የአባቷን ቤት የሚያውቅ፣ ሒክማን ለትዳር ጠይቋል። ጥያቄውን ይዘው የመጡት የመስጊዱ ታላቅ ሰው ሐጂ አብዱሰመድ ናቸው። አብዱልጀሊል ፊቱ በርቶ ነበር። ሐጂ ግን ደንቡን የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ «ልጅቷ ራሷ ትጠየቅ» አሉና አስጠሯት።

ሒክማ ገብታ ቆመች። ለራሷ እንኳን አስባ አታውቅም፣ እንዲህ ያለ ድፍረት እንዳላት።

«አልፈልግም ሐጂ። ሰው አለኝ።»

«ማን ነው ሰውየው?»

«ኣረፋይነ ይባላል። መምህር ነው።»

የሐጂ መቁጠሪያ ቀጥ አለ። ስሙ ሃይማኖቱን ይናገራል። አዛውንቱ ቀስ ብለው ተነሱ፣ «አላህ ይምራሽ ልጄ» አሉ፣ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። አብዱልጀሊል በር ድረስ ሸኝቶ ሲመለስ ዘሃራ ይመታታል ብላ መሃል ገብታ ቆማ ነበር። አልመታትም። ድምፁንም አላነሳም።

«እናቱ ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃት።

«ገና ናቸው።»

«አንቺ ሐጂ ፊት ስሙን ጠርተሻል። አንገቴን አስደፍተሽኛል። እንግዲህ እሱም ወንድ ከሆነ ስምሽን እናቱ ፊት ይጥራ። ያን ቀን ልቤ ባይወድም እንደ ወንድም ተቀምጬ አነጋግረዋለሁ። እስከዚያ ግን አታናግሪኝ።»

እንዳለውም አደረገ። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው «ዘሃራ፣ ክር አልቋል በያት» ይላል። ዘሃራም እያፈረች «ክር አልቋል አለሽ» ትላለች። ከእነሱ ጋር ምሳ መብላት ተወ። ከሱቁ ኋላ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ብቻውን ይበላል። ሒክማ ሳህኑን ስታነሳ ግማሹ ሳይነካ ታገኘዋለች፤ ከስድብም ከዱላም በላይ ያ ግማሽ ሳህን አንጀቷን ይበላው ነበር።

ይህን ሁሉ ለኣረፋይነ ስትነግረው እጆቿን በሁለት እጆቹ ያዘ።

«በወላጆች በዓል ቀን እናቴ ትመጣለች» አላት። «ትርኢቱን አይታ፣ ስቃ፣ ልቧ ሲከፈት፣ እጅሽን ይዤ እወስድሻለሁ። ‹አደይ፣ የሠራችው ይህች ናት፤ የልቤም ሰው ይህችው ናት› እላታለሁ። ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረማለን፤ አንቺም በሃይማኖትሽ እኔም በሃይማኖቴ። በአባቴ አጥንት!»

አመነችው። ለምን አታምነው? የሙት አጥንት ጠርቶ የሚምል ሰው ይዋሻል ብላ የምትጠረጥር ልጅ አልነበረችም።

በዓሉ ሰኔ ውስጥ፣ ደመናው መሰብሰብ ሲጀምር ዋለ። የትምህርት ቤቱ ግቢ በድንኳን ተሸፍኗል። ሒክማ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዘሃራ ያበደረቻትን ሻርፕ አስራ፣ ከኋላ ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ፀጉራቸውን በሽሩባ የተሠሩ፣ ነጠላቸው እንደ ወተት የነጣ ሴት መጡና «ጓለይ፣ ልጄ፣ ይህ ቦታ ሰው አለው?» አሏት።

«የለውም እናቴ፣ ይቀመጡ።»

ፊታቸውን ስታይ ዐወቀቻቸው፤ ያ ረጅም አፍንጫ፣ ያ ሲያዳምጥ ዘንበል የሚል አንገት። የኣረፋይነ እናት ናቸው። ሒክማ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።

መጋረጃው ሲከፈት ሽማግሌው ብቅ አለ። አህያዬ ጠፋችብኝ እያለ ሲያማርር አህያዋ ከጀርባው ቆማ ኮፍያውን ትበላበታለች። ልጆቹ «ከኋላህ! ከኋላህ ናት!» እያሉ ጮኹ። አሮጊቷ መጥታ ሽማግሌዋን ስትቆጣው ወላጆች ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ወይዘሮ ለተመድህን በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ሒክማ ዞር አሉ።

«ይህን የሠራው እጅ ይባረክ! ስፌቱ እኮ አይታይም። ማን ይሆን የሠራው?»

«እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ሒክማ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። መልሳ ዋጠችው። የሚናገረው ኣረፋይነ ነው፤ ስንት ነገር የቻለችለትን ቃል ከአፉ ልትነጥቀው አልፈለገችም። ፈገግ ብቻ አለች።

ትርኢቱ አልቆ ጭብጨባው ሲቀልጥ ኣረፋይነ ላቡን እየጠረገ፣ በርዕሰ መምህሩና በጓደኞቹ ተከቦ ወደ እናቱ መጣ። ፊቱ በደስታ ያበራል። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ተቀምጠው አየ። ብርሃኑ ከፊቱ ላይ እንደ መብራት ድርግም ሲል ሒክማ በዓይኗ አየችው።

እናቱ ሳሙት፣ መረቁት። ከዚያ እጃቸውን ሒክማ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው «ወደይ፣ ይህች ቆንጆ ልጅ ማን ናት? አብረን ስንስቅ ነው የዋልነው» አሉት።

ርዕሰ መምህሩ ቆመዋል። ጓደኞቹ ቆመዋል። ሒክማ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ስሟ ሲጠራ ተቀምጣ መገኘት አልፈለገችም። ኣረፋይነ እናቱን አየ፣ ሻርፗን አየ፣ መሬቱን አየ።

«ይህች…» አለ። «ይህች ስፖንጅ የምትሸጥልን ልጅ ናት።»

ጆሮዋ ጭው አለ። ጩኸቱ፣ የልጆቹ ሳቅ ሁሉ ከሩቅ የሚሰማ ሆነ። ወይዘሮ ለተመድህን ልጃቸውን ትክ ብለው ሲያዩት ብቻ አስተዋለች፤ እጃቸው አሁንም ትከሻዋ ላይ ነበር። ዝቅ ብላ ከእጃቸው ሥር ወጣች።

«እንኳን ደስ አለህ መምህር» አለች። ከዚያ እንዴት እንደ ወጣች አታስታውስም። ከኋላዋ የተጠራ ስም እንዳለ ግን አዳመጠች፤ እስከ ግቢው በር ድረስ አዳመጠች። አልተጠራም።

ቤት ስትደርስ ዘሃራ በር ላይ ነበረች። «ነገራቸው?» ብላ ጀምራ ፊቷን ስታይ ጥያቄውን ዋጠችው። አብዱልጀሊል ስፖንጅ እየቆረጠ ነበር። ቀና ብሎ እህቱን አያት። ቢላዋውን አስቀመጠ። ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በዘሃራ በኩል ሳይሆን ለራሷ፣ «ውሃ ጠጪ» አላት።

ምነው በሰደበኝ አለች በልቧ። ምነው «አላልኩሽም?» ባለኝ። ያቺ «ውሃ ጠጪ» የምትባል ቃል ቅስሟን ሰበረችው፤ እስከዚያ ድረስ አምቃ የያዘችው ለቅሶ የመጣው ያኔ ነው።

ኣረፋይነ በማግሥቱ መጣ። አብዱልጀሊል አይቶት ከሱቁ ወጣ፤ አላባረረውም፣ ሰላምም አላለውም።

«ሒክማ፣ አድምጪኝ። ርዕሰ መምህሩ ነበር፣ ሰው ነበር… እንዲያ በድንገት እንዴት እላታለሁ? ብቻዋን ሳገኛት…»

«ቤት ስትገቡ ብቻቸውን አግኝተሃቸዋል። ነገርካቸው?»

ኣረፋይነ ቁራጭ ስፖንጅ አንስቶ ይጨምቅ ጀመር።

«እኔ ስምህን የጠራሁት የት መሰለህ ኣረፋይነ? ብቻዬን ጓዳ ገብቼ ነው? ሐጂ ተቀምጠው፣ ወንድሜ ቆሞ ነው። ስምህ አፌን አልከበደውም።»

«እናቴ ከእኔ ሌላ ማንም የላትም። ብትታመምብኝስ ብዬ ፈራሁ። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«ጊዜ ሰጥቼህ ነበር። ቆሜ ሰጠሁህ፤ ቆሜ ስጠብቅህ እኮ አየኸኝ!» ድምጿ ተሰበረ። «‹አላውቃትም› ብትል ይሻለኝ ነበር። ልክ እንደ ዕቃ ሻጭ… የእነዚያን አሻንጉሊቶች ፊት አንድ በአንድ በጣቴ የሰፋሁት ለማን ነበር?»

«እወድሻለሁ ሒክማ» አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

«አውቃለሁ» አለችው። «ሰው በሌለበት ትወደኛለህ።»

ሊነካት እጁን ዘረጋ። እሷ ወደ ኋላ አላለችም፣ ወደ ፊትም አልመጣችም። እጁ አየር ላይ ቀረ። ሲሄድ የእግሩ ኮቴ እስኪጠፋ ቆማ አዳመጠች፤ ቢመለስ በሩን እንደምትከፍትለት እያወቀች፣ በራሷ እየተናደደች።

አልተመለሰም። ክረምቱ ገባ። አንድ ጠዋት ወንድሟ ፊት ቆማ «ጋሼ፣ ለኮምቦልቻዎቹ እሺ ብላለች በላቸው» አለችው።

አብዱልጀሊል ደስ አላለውም። «ይኼ የንዴት ቃል ነው። የንዴት ቃል ይዤ ሰው ፊት አልቀርብም። ክረምቱ ይውጣ።»

ክረምቱ ወጣ። መስቀል አለፈ። ቃሏን ደገመችለት፤ ዓይኗ ደረቅ ነበር። ያኔ ወደ ኮምቦልቻ መልእክት ተላከ፤ ጀላሉ ሐሳቡን አልለወጠም ነበርና ኒካሁ ለኅዳር ተቀጠረ። ዘሃራ ብቻ ማታ ማታ ፀጉሯን ስትሠራላት «እርግጠኛ ነሽ?» ትላታለች። ሒክማ ማበጠሪያውን ታቀብላታለች።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት ሱቁ በር ላይ ነጭ ነጠላ ታየ። ወይዘሮ ለተመድህን ናቸው። ሽቅብ ስለመጡ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ሒክማ ደንግጣ ወንበር አቀረበችላቸው፣ ዘሃራ ውሃ ሰጥታቸው ወደ ጓዳ ገባች።

«ደሓን ዲኺ ጓለይ?»

«አልሐምዱሊላህ። እርስዎ እንደምን ነዎት አደይ?»

«አለሁ።» ውሃውን ሳይጠጡ በእጃቸው ይዘው ቆዩ። «በበዓሉ ዕለት አጠገብሽ የተቀመጥኩት በአጋጣሚ አይደለም።»

ሒክማ የያዘችውን መርፌ ጨርቁ ላይ ሰካችው።

«ልጄ ከሚያዝያ ጀምሮ የስፖንጅ ብናኝ ልብሱ ላይ ይዞ ይገባል፤ ብቻውን ይስቃል። እናት አይደለሁ? ጠየቅሁ፣ አጣራሁ። እስላም ናት፣ የወሎ ልጅ ናት፣ ባለሙያ ናት አሉኝ። አልዋሽሽም፤ አለቀስሁ። ቄስ ጋርም ሄድኩ። ከዚያ ደግሞ ልጅቷን ልያት አልኩ። መጥቼ አጠገብሽ ተቀመጥኩ። ወደድኩሽ።»

«ካወቁኝ ታዲያ… ለምን ማን ናት ብለው ጠየቁት?»

«እንዲናገር ነው እንጂ!» ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። «በሩን ከፈትኩለት። ይህች ናት ቢለኝ ቤቴ ገብቼ አለቅስ ይሆናል፣ እነጫነጭ ይሆናል፤ በኋላ ግን እመርቃችሁ ነበር። እሱ ግን ስምሽን ዋጠው። እስላም ከማግባቱ ይልቅ እሱ ነው ያሳፈረኝ። እኔ ነኝ እንዲህ ያሳደግሁት ብዬ፣ ቤቴ ገብቼ ያለቀስኩት በዚያ ነው።»

ሒክማ ስፖንጅ ክምሩ ላይ ተቀመጠች። እስካሁን በልቧ ያቆመችው ግንብ የእኝህ ሴት ፊት ነበር፤ ኣረፋይነን ይቅር ለማለት በፈለገች ቁጥር «እናቱን ፈርቶ ነው፣ ምን ያድርግ?» ትል ነበር። ግንቡ ግን ኖሮም አያውቅም።

«እህል አይበላ፣ እንቅልፍ አይተኛ፤ ከስቷል» ቀጠሉ ወይዘሮ ለተመድህን። «ልትዳሪ ነው የሚል ሰማሁ። ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ገና ቀን አለ ጓለይ። ወንድምሽ እግር ላይ ልውደቅ ካልሽኝ እወድቃለሁ።»

አንድ ነገር በሒክማ ደረት ውስጥ ብድግ አለ። ለወራት ቀብሬዋለሁ ያለችው ነገር፣ አልሞተም ነበር። ተንደርድራ እጃቸውን ያዘች።

«እሱ ነው የላከዎት? ነገረዎት አይደል? ራሱ ነግሮዎት ነው የመጡት?»

ወይዘሮ ለተመድህን ዓይናቸውን ሰበሩ። ሊዋሹ ይችሉ ነበር። «አዎ» ቢሉ የሒክማ ሕይወት ሌላ መንገድ ይሄድ ነበር፤ ሁለቱም ሴቶች ይህን አውቀውታል።

«አይ ጓለይ» አሉ በመጨረሻ። «እስከ ዛሬ ቃል አልነገረኝም። መምጣቴንም አያውቅም።»

ከመንገዱ የሚኒባስ ረዳት ጩኸት ተሰማ፣ አለፈ። ሒክማ የያዘችውን እጅ አልለቀቀችም፤ ሳመችው።

«አደይ፣ እሱ ልኮዎት ቢሆን፣ በደጅ ቆሞ እንኳን እርስዎን ቢያስገባ ኖሮ፣ ወንድሜ እግር ላይ የምወድቀው እኔ ነበርኩ። ኮምቦልቻ ድረስ በእግሬ ሄጄ ቃሌን እመልስ ነበር። እርስዎ ግን ስለ እሱ ሊናገሩለት መጡ። ነገ ልጅ ብንወልድ፣ ልጁ ሰው ፊት እናቴ ማን ናት ቢለው፣ ማን መጥቶ ይመልስለት ይሆን?»

ወይዘሮ ለተመድህን ያልጠጡትን ውሃ አስቀመጡ። ተነሱ። ትከሻዋን ደጋግመው ሳሙ፣ እንደ ራሳቸው ሃይማኖት መረቋት፤ እሷም እንደ ራሷ «አሚን» አለች። በሩ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው በቀስታ ወረዱ።

ኅዳር ላይ ሒክማ ለጀላሉ ተዳረች። አብዱልጀሊል መኪናው ድረስ ሸኝቷት፣ ሰው እያየው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጀላሉ ክፉ ሰው አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ዘመዶቹን ሁሉ አሰልፎ «ሂክማ ትባላለች፣ ባለቤቴ ናት» እያለ አንድ በአንድ አስተዋወቃት። ስሟን አለስልሶ ነው የሚጠራው፣ እንደ አገሩ ሰው። እሷም ለእያንዳንዱ ሰው ጎንበስ እያለች ሰላም አለች፣ ሳቀች፣ ተመረቀች።

ሰዎች ኋላ «ሃይማኖት ነው የለያያቸው፣ ቤተሰብ ነው የከለከላቸው» ብለው አወሩ። ሒክማ አላስተካከለቻቸውም። ክፉ አማት ገጥማት ቢሆን፣ ወንድሟ ዘግቶባት ቢሆን፣ ቢያንስ የምትረግመው ሰው ይኖራት ነበር። የሚረገም ሰው አጣች። ያለው አንድ የምትወደው ሰው ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ መርገም አልሆነላትም።